ቅሬ ያልነበረው ፈላስፋ

ከወንድሜ አልጋ ራስጌ ግድግዳው ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ ነበር። ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ነው። በዚያን ዘመን ደሴ ውስጥ ሰውዬውን የማያውቅ አልነበረም። ቀበሌው በር ላይ አለ። ለአብዮት በዓል ፒያሳ ላይ በሚሰቀለው ጨርቅም ላይ አለ። ሦስት ሆነው ይደረደራሉ፤ ጢሙ የበዛው እሱ ነው። እናውቀዋለን እንል ነበር። ሳስበው ግን ከጢሙ በቀር ምኑንም አናውቅም።

ወንድሜ ያውቅ ነበር። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ነው፤ እዚያ የሰውዬው ትምህርት የሚነበብበት የውይይት ክበብ ሰብሳቢ አድርገውት ነበር። ቅዳሜ ደሴ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

"ሰውዬው ምን አለ?"

"ስለ ምን?"

"እንጃ። በቃ ምን አለ?"

አንድ ቅዳሜ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ስንሄድ ጋቢ የሚሸጥ ሸማኔ አሳየኝ። "ይሄ ሰው ራሱ ሠርቶ ራሱ ይሸጣል። የድካሙ ዋጋ እጁ ይገባል" አለኝ። "የሌላ ሰው የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ቢሸምንስ? እስከ ምሳ የሠራው የቀን ደመወዙን ይሸፍናል እንበል። ከምሳ በኋላ የሠራውስ?"

"የባለ ዕቃው ነዋ።"

"ጢማሙ ሰውዬ ዕድሜውን የፈጀው ያቺ ከምሳ በኋላ ያለችዋ ሥራ የት እንደምትገባ ሲመረምር ነው።"

ትንሽ ከሄድን በኋላ "የእናንተ ፋብሪካ የሕዝብ ነው አይደል? የእናንተ ከምሳ በኋላ የት ይሄዳል?" አልኩት።

ግራ ቀኙን አየ። "ድምፅህን ቀንስ አንተ ለፍላፊ!" አለና ሳቀ። መልሱን ግን አልነገረኝም። እስካሁን የማስበው ነገር ነው።

በክረምት፣ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ወንድሜን ወደ ደሴ የሚያመጣው መኪና ተገለበጠ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ቀበርነው።

እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው፣ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይሰበሰባል። መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል። ለወንድሜም ይህ ሁሉ ተደረገ። ድንኳኑ ውስጥ ግን አንድ ጎረቤታችን አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው "ለካድሬ ዱዓ ምን ይሠራለታል? አላህ የለም ሲል የኖረ ነው" አለው። ቀስ ብሎ ነው ያለው። እናቴ ሰማች።

ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ጠየቀችኝ።

"ወንድምህ ያምን ነበር?"

"ያምን ነበር፣ እማ።"

"አይተህ ነው ወይስ ለኔ ብለህ?"

ሲሰግድ ካየሁት ቆይቷል። እንዳይሰግድ ያደረገው ሥራው ይሁን ሰውዬው፣ ጠይቄው አላውቅም።

አርባው እየቀረበ ነበር። ለአርባው ድግስ፣ ለሰደቃው፣ ዱዓ የሚያደርጉት የቅሬያችን ዳኛ፣ ማለት መሪው፣ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችንን የሚጎበኙ። እናቴ ይመጡ እንደሆነ ጠይቅ ብላ ላከችኝ።

"ሲቀበር ጀናዛው ላይ ሰግደንበታል። እሱ ሐቁ ነው" አሉኝ። "ለሰደቃውም እኔ እመጣለሁ። ሰዎቹ ግን ያጉረመርማሉ። አሚን የሚል ከሌለ ብቻዬን ምን ዱዓ አደርጋለሁ? ለመሆኑ ያ ጢማም ምን አስተማረው? አንተ አሥራ ሁለተኛን የጨረስክ አይደለህ? ንገረኝ እንጂ። ጢሙስ ወላሂ የኛን ሸሆች ያስንቃል።"

"አላውቅም አባባ። ጠይቄ ልምጣ።"

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ በሩ ላይ ጠበቅሁ። ወንድሜ ስሟን ደጋግሞ የሚያነሣት አንዲት ክር ፈታይ ነበረች፤ ክርስቲያን ናት፣ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አቅፋኝ አለቀሰች። ከአጥሩ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

"እትዬ፣ ክበቡ ውስጥ ወንድሜ ስለ አላህ ምን ይል ነበር?"

"ስለ እግዜር? እኛ ክበብ?" ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ውይ ይቅር በለኝ። የኔ ወንድም፣ እሱ ያነባል፣ እኛ እናንቀላፋለን። የነቃነው አንድ ቀን ነው።"

የዚያን ቀን ርዕሱ የሰውዬው የሕይወት ታሪክ ነበር። ከላይ የተላከ ጽሑፍ አለ። ወንድሜ ጥቂት አነበበና አጠፈው፤ በቃሉ ይነግራቸው ጀመር። ሰውዬው ካገር አገር ተባርሮ፣ በመጨረሻ ሰው አገር ጠባብ ቤት ውስጥ ከነልጆቹ ሲኖር። ስለ ዓለም ሀብት እየጻፈ ራሱ ሲርበው። ከዚያ ሕፃን ልጁ ሞተችበት። የሬሳ ሳጥን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ሚስቱ ስደተኛ ጎረቤት ዘንድ ሄዳ ለምና ባመጣችው ሕፃኗ ተቀበረች።

"ታዲያ አንዷ 'ቅሬ አልነበረውም እንዴ?' አለች" ብላ ቀጠለች። "ወንድምህ 'እዚያ አገር ቅሬ የለም' አላት። ተንጫጫን። ቅሬ የሌለው አገር አለ? አንዱ መካኒክ 'ይኼን ሁሉ ከሚጽፍ መጀመሪያ ቅሬ ቢገባ ምን ነበረበት!' ይላል። ሌላው 'ጎረቤቶቹ ናቸው ጥፋተኞቹ' ይላል። ብቻ የሕፃን ነገር ሆኖ አንጀታችንን በላው። ልቅሶ እንደሰማ ሰው ሆንን። እግዜር ያጥናው አልን። አንድ ሽማግሌ ሸማኔያችን ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ።"

"ለሰውዬው ልጅ?"

"ለሰውዬው ልጅ! ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ እኛ ምን እናውቃለን?"

"ወንድሜስ?"

"ከላይ፣ ከፓርቲው፣ የሚላክ ተቆጣጣሪ ኋላ ተቀምጦ ያየዋል። ወንድምህም አይቶታል። ሁላችንም አሚን ብለን ዝም ካልን በኋላ መዳፉን ዘረጋና አሚን አለ። ጮክ ብሎ።"

"ከዚያስ?"

"በሳምንቱ ሌላ ሰብሳቢ መጣልን።"

ለእኛ ግን ወንድሜ ሰብሳቢነቱን "ደክሞኝ ተውኩት" ነበር ያለን።

ስመለስ አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወጣ በመስኮት አልተመለከትኩም። ስለ አሚኑ አስብ ነበር። አምኖ ይሆን? ወይስ ለሕፃኗ አዝኖ? ወይስ ሠራተኞቹን ብቻቸውን ላለመተው? ሦስቱ የተለያየ ነገር ነው፤ ወይም እኔ አልገባኝም ይሆናል። ለዳኛው የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ጥርጣሬዬንም ጭምር።

"ጮክ ብሎ ነው ያለችህ?"

"አዎ አባባ።"

"ያ ተቆጣጣሪ እያየው?"

"እያየው።"

"አጂብ! የሚገርም ነው!" አሉ። መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። "እኔ አሚን የምለው ሁሉም ሲል ነው፤ ማንም አይቆጣኝም። በል ሂድ፣ እናትህ ሰደቃውን ታሰናዳ።"

በአርባው ቤቱ ሞላ። ዳኛው ታሪኩን ለሁሉም ነገሩ። ያ ድንኳን ውስጥ ያጉረመረመው ጎረቤታችን አንገቱን ደፍቶ "ለመሆኑ ሰውዬው ኋላ ቅሬ አገኘ?" ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማንም አላወቀም።

ዱዓው ተጀመረ። ለወንድሜ ተደረገ፤ አሚን ተባለ፣ ያ ጎረቤታችንም አሚን አለ። ዳኛው እጃቸውን እንደዘረጉ ወደኔ ዞሩ።

"የዚያች ሕፃን ስሟ ማን ነበር?"

"አላውቅም አባባ። ወንድሜ ግን ሳያውቅ አልቀረም።"

"ግድ የለም። አላህ ያውቃታል።" ለእሷም ዱዓ አደረጉ።

አሚን አልን። ቤቱ ዝም ካለ በኋላ ከጓዳ የእናቴ አሚን መጣ፤ ጮክ ብሎ።