የተወጠሩት አንሶላዎች

ሽልማት ሠራተኛን ያተጋል ይባላል። አያተጋም። ሽልማት ሠራተኛው ማን ይመጣ ይሆን እያለ በሩን በሩን እንዲያይ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጀርባውን የሚሰጠው አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቀለል ቀለል ያሉትን ኃጢአቶቼን እየመረጥኩ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ይህን አስቀርቻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላየው ይሆን? ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ከዚያው ልጀምር።

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነበርኩ። አብረውኝ የተመረቁት ቀዶ ሕክምናና ማዋለጃ ሲመደቡ እኔ እዚያ ቀረሁ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ስንጠጣ፣ «ሽማግሌ ጠባቂው መጣ!» ይሉኛል። «ያንተ በሽተኞች ድነው አይወጡ፣ ማን ያመስግንህ?» እስቅ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም።

እኔ በሥልጣን የምበልጣት፣ በሥራ ግን የምትበልጠኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እትዬ ዘነበች። በጽዳት ተቀጥራ፣ ቁስል ማጠብ ከሐኪሞች እያየች ለምዳ፣ ጤና ረዳት የሆነች ናት። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ሥጋው ከሥሩ ይሞታል። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ተማርኩ፤ እሷ ከሰዎቹ ጀርባ። በየአልጋው ራስጌ የፋሻ ቁራጭ ታስር ነበር። ሰውየው ወደ መስኮት ከዞረ ፋሻው በመስኮት በኩል፣ ወደ በር ከዞረ በበር በኩል ይታሰራል። ፋሻው አንድ ቦታ ከቆየ የሚያልፍ ሁሉ፣ መጥረጊያ የያዘችው ሠራተኛ እንኳ፣ ያይና ይጮኻል። በአሥራ ሁለት አልጋ ላይ አንድም ቁስል አልነበረንም።

አንድ ቀን ከጤና ሠራተኞች መካከል ኮከብ ሠራተኛ እንደሚመረጥ ተነገረ። የተመረጠው የአረጋውያን እንክብካቤ እንዲማር ወደ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ይላካል። መራጮቹ መጥተው ክፍሉን ያያሉ። ፈለግሁት። አንድን ነገር እንደዚያ የፈለግሁበት ጊዜ የለም። የሻይ ጓደኞቼን አፍ የሚዘጋልኝ እሱ ብቻ መሰለኝ።

በጉብኝቱ ዋዜማ ፋሻዎቹን አየኋቸውና ቡትቶ መሰሉኝ። ራሴ አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ራሴ ጣልኳቸው። በምትካቸው የተሰመረ ሰንጠረዥ ሰቀልኩ። በማግሥቱ ጠዋት የቀኑን የማገላበጫ ሰዓቶች ሁሉ አስቀድሜ ሞላሁ፤ ቀኑ ገና ሳይጀምር ጨረስኩት። ከዚያ አዲስ አንሶላ አስነጠፍኩ፤ ሁሉንም በጀርባቸው አስተኝቼ የላይኛውን አንሶላ አስወጠርኩና ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አሸጎጥኩ።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ማንም ማንንም እንዳይነካ» አልኩ።

«ሥጋ ነው እኮ» አለች እትዬ ዘነበች፤ «እንጨት መሰለህ?»

«ዛሬ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ሥጋ ዛሬ ብቻ የሚባል ያውቃል?»

የቀረውን ጠርዝ አሸጎጥኩ። ነርሱ እኔ ነበርኩ።

በመስኮቱ በኩል ኦቦ ገመዳ ተኝተው ነበር። አርሲ ነገሌ እህል ገበያ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኩንታል ሲሸከሙ የኖሩ፣ በኋላ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰው ናቸው። አንሶላው እስከ አገጫቸው ሲወጠር፣ «ሳልሞት ገነዛችሁኝ እንዴ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እንግዶቹ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ የተባሉ ናቸው። አልመጡም። መቂ የመንግሥት እርሻ ሊያዩ ጎራ ብለው ለምሳ ተይዘዋል ተባለ። ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጣጣው ነበር። በሽተኞቹን ምሳቸውን እንኳ ቀና ሳናደርጋቸው በማንኪያ አጎረስናቸው።

«ና ገረገልቺ» አሉኝ ኦቦ ገመዳ። አገላብጠኝ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ እሰማለሁ።

«ደረሱ፣ ኦቦ። ትንሽ ይታገሡ።»

«ና ገረገልቺ፣ ልጄ።»

ስንት ጊዜ እንዳሉ ልቆጥር እችል ነበር፤ አልቆጠርኩም። እትዬ ዘነበች ሁለት ጊዜ ወደ አልጋቸው ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ በዓይኔ መለስኳት። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመዳ ዝም አሉ። ሌሎቹም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ልበላችሁ? አውቄ ነበር። የተማርኩት እኮ ይህንኑ ነው።

እንግዶቹ በአሥር ሰዓት ገቡ። የቡድኑ መሪ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እንዴት ያለ ጸጥታ!» አለ። ሰንጠረዡን አነበበ። አንሶላዎቹን አየ። ከአንሶላው ሥር ያለውን ማንም አላየም፤ እጄን ጨበጡና ሄዱ።

ማታ እትዬ ዘነበች የኦቦ ገመዳን አንሶላ ገለጠች። ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ከፍራሹ ጋር በተገናኘበት ቦታ፣ መዳፍ የምታህል ቅላት ነበረች። በጣት ስትጫን አትነጣም፤ ሥጋው ከሥር መሞት ጀምሯል። በሳምንቱ ጠቆረች። ከዚያ ተከፈተች። እትዬ ዘነበች ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ አጠበቻት፤ ቁስሉ ግን ወደ ውስጥ መንገዱን ይዞ ነበር። ሽታው ከክፍሉ አልፎ ቢሮዬ ይመጣ ጀመር። መስኮቴን ዘጋሁ። ያን ሁሉ ኩንታል የቻለ ጀርባ በአንሶላ ተሸነፈ። ኦቦ ገመዳ የእኔ የኮከብ ሠራተኛነት የምስክር ወረቀት ተፈርሞ ሳይመጣ ሞቱ።

ግምገማ ተጠራ። ሰብሳቢው፣ «ጓድ ነርስ፣ ይህ ቁስል ከየት መጣ?» አለኝ።

ሰንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጠዋል» አልኩ፤ «ጉድለት ካለ ከአጠባው ነው።»

የሚያጥበው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ ያየችው እኔን ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «ፋሻዎቼን የት ጣልካቸው?»

«ጓድ ዘነበች፣ ከርዕስ አይውጡ» አለ ሰብሳቢው።

ከርዕሱ ያልወጣች እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ጣቴን አንሥቼ አንድ ቃል ልናገር እችል ነበር። ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እትዬ ዘነበችን ወደ ልብስ ማጠቢያ አዛወሯት፤ እነዚያኑ አንሶላዎች ታጥብ ጀመር። ለእኔ ተጨበጨበልኝ።

እዚህ ላይ ያበቃ መሰላችሁ? ለትምህርት በተላክሁበት አገር መምህራችን እያንዳንዳችን ከአገራችን አንድ የአሠራር ዘዴ እንድናሳይ አዘዘን። ሰሌዳው ላይ አልጋ ሣልኩ። በራስጌው የታሰረ ፋሻ ጨመርኩበት። መምህራችን ተደንቆ የማን ፈጠራ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የኔ» አልኩ።

ቡትቶ ብዬ የጣልኩትን በስሜ አስመዘገብኩት። ስመለስ አሠልጣኝ ሆንኩ፤ በየከተማው እየዞርኩ ስለ መኝታ ቁስል አስተማርኩ። ሥራዬን ትቼ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላም የአረጋውያን ባለውለታ ብለው ያስተዋውቁኛል፤ እኔም ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እትዬ ዘነበች ሥራውን ትታ ዱከም ልጇ ዘንድ እንደገባች ሰማሁ። በዱከም ስንት ጊዜ አለፍኩ! አውቶቡሱ ሲቆም ጋዜጣ እዘረጋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልወረድኩም። አሁን ብወርድም በሕይወት የማገኛት አይመስለኝም፤ ዕድሜዋን አስቤዋለሁ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም፤ አንሶላውን ያስወጠረው ዘመኑ አይደለም። ይቅርታ ሊያደርጉልኝ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናንተ ከሁለቱ አንዱ አይደላችሁም፤ ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም።

የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ቤታችሁ ውስጥ፣ ጓዳም ይሁን ሳሎን፣ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡት። ዝም ካሉ ደህና ናቸው አትበሉ። ተነሡ፣ አንሶላውን ግለጡና ጀርባቸውን እዩ።