ድንጋይ ሰባሪዋ የላሾንግዌ ልጅ

በኛ መንደር ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ላሾንግዌን ያውቃታል። የኔም ቤት መሠረት የተሞላው እሷ በሰበረችው ጠጠር ነው። ባሏ ማቩሶ ጆሃንስበርግ ወርቅ ሊቆፍር ሄዶ ሬሳው ሲመጣ፣ ወንድሞቹ ላሞቹን ተከፋፍለው ወሰዱ። ለእሷ የቀራት አንድ መዶሻና ገና መሄድ ያልጀመረች ሴት ልጅ ነበረች። ልጅቷን አዝላ ወደ ፒግስ ፒክ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንጋይ ልትሰብር ተቀመጠች፤ ዝናብ ካልጣለ በቀር ከዚያ ቦታ ያጣት ሰው የለም። ፍንጣሪ እንዳያገኛት ፊቷን ዞር እያደረገች ነበር የምትመታው። ያም ሆኖ የግራ ዓይኗ ከጊዜ በኋላ ደከመ።

ልጅቷ ቦንሲሌ ትባላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ላግዝ ብላ መዶሻውን ካነሳች ላሾንግዌ እጇን መታ ታደርጋታለች።

"ይሄ የኔ ነው። ያንቺ ቦርሳሽ ውስጥ ነው ያለው" ትላታለች።

ቦንሲሌ ጎበዝ ሆና ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባች። መንደሩ እንግዲህ ሐኪም ሆና ትመጣለች ብሎ ተስማማ፤ ላሾንግዌም አላስተባበለችም። ምን እንደምታጠና በደንብ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጎረቤቷ ሆኜ አልጠየቅኋትም።

በአንድ የገና ሰሞን ቦንሲሌ በነጭ ፒክአፕ መጣች። እናትየው ደጃፉ ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ልጅቷ ከመኪናው ጀርባ መጀመሪያ ያወረደችው ረጅም እጀታ ያለው ከባድ መዶሻ ነበር።

"ይሄ የማን ነው?" አለች ላሾንግዌ።

"የኔ ነው፣ እማዬ። የሥራ ነው።"

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"የድንጋይ ዕድሜ ነው የማጠናው። ድንጋዩን ሰብረን፣ ፈጭተን፣ ከውስጡ አንዲት ቅንጣት..."

"ትሰብሪያለሽ?"

"አዎ። መጀመሪያ እንሰብረዋለን።"

ላሾንግዌ ወደ ቤት ገባች። ለልጇ የበቆሎ ገንፎ በእርጎ አቀረበችላት፤ ከዚያ በኋላም ምግቧን ሳታጓድል፣ ግን አፏን ዘግታ ሰነበተች። አጠገቧ ድንጋይ የምትሰብረው ላማዚያ ደግሞ ምላሷ አያርፍም። "አይዞሽ" አለቻት፣ "እኛ ሳንማር የገባንበት ሥራ ነው፤ እሷ በዲግሪ ገባችበት። ይሄም እድገት ነው።" ላሾንግዌ አልሳቀችም።

ቦንሲሌ የፈለገችው ከመንደራችን በላይ ካለው ግራጫ ኮረብታ አንድ ጆንያ ድንጋይ ነው። ለዚያም የአለቃውን ሸንጎ ማስፈቀድ ነበረባት። ወንዶች ግንድ ላይ፣ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰማናት። የአለቃው እንደራሴ ምኮንታ ሸንጎውን ይመራል። ሽማግሌው ታቤቴ ግን ጥያቄ ለመጠየቅ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

"ወርቅ ካለው አሁኑኑ ንገሪን" አላት። "ወርቅ ሲገኝ መጀመሪያ ከመሬቱ የሚነሳው ሰው ነው።"

"ወርቅ አይደለም፣ አባቴ። ዚርኮን የምትባል፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ክሪስታል ናት።"

"ዋጋዋስ?"

"እዚህ ያለችው ለገበያ አትሆንም።"

"ለገበያ የማይሆን ነገር ፍለጋ ይሄን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለሽ መጣሽ?"

ሸንጎው ሳቀ። ቦንሲሌም ፈገግ አለችና እንዲህ ስትል አስረዳች። ይቺ ቅንጣት የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ትፈጠራለች። ስትፈጠር ዩራኒየም ወደ ውስጧ ታስገባለች፤ እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን ከደጅ ትመልሰዋለች። ከዚያ ዩራኒየሙ ሳይቸኩልና ሳይዘገይ ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል። የተለወጠውን ካልተለወጠው ጋር ያመዛዘነ ሰው ስንት ዘመን እንዳለፈ ያውቃል። "የቆምንበት መሬት መጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ የምትነግረን እሷ ናት" አለች።

"እሱንማ እግዚአብሔር ነው የሠራው" አለ ምኮንታ።

"እሱ ነው፣ አባቴ። እኔ መቼ ብዬ ነው የምጠይቀው።"

ነገሩ ምኮንታን ደስ ያሰኘው መሰለኝ፤ ጥርጣሬው ግን አለቀቀውም። ወደ ሴቶቹ ዞረ። "ላሾንግዌ፣ ያንቺ ልጅ ናት። ኮረብታውን ትሸጥብናለች?"

እናትና ልጅ እንዳልተነጋገሩ አውቅ ስለነበር እኔ አንገቴን ደፋሁ። ላሾንግዌ ሻሿን አስተካከለች።

"ልጄ ድንጋይ ሰባሪ ናት" አለች። "እኔም ድንጋይ ሰባሪ ነኝ፤ የሁላችሁም ቤት ሥር እጄ አለበት። ድንጋይ ሰባሪ የሚያነሳው የሚሸከመውን ያህል ነው። ተራራ የሚያነሱት ሌሎች ናቸው።"

ሸንጎው ፈቀደ። ወደ ቤት ስንመለስ ቦንሲሌ ቀስ ብላ "ድንጋይ ሰባሪ አልሽኝ" አለቻት።

"ሐኪም ናት ብላቸው ኖሮ መዶሻውን ምን እላቸው ነበር?" አለች እናትየው። በማግስቱ ጤዛው ሳይደርቅ አብራት ወደ ኮረብታው ወጣች። ቦንሲሌ መዶሻውን ባነሳች ቁጥር "ፊትሽን አዙሪ" ትላታለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከዓመት በላይ ወሰደ። ቦንሲሌ ጆንያውን ሙሉ ፈጭታ፣ በውሃ አጥባ፣ የቀረውን በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ እየለቀመች ያገኘችው ጥፍር ላይ የሚያርፍ ዱቄት ነው። ኮረብታችን በአካባቢው ካለው ድንጋይ ሁሉ አሮጌው ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ያደገችው ኮረብታ ነዋ። መጀመሪያ የለካቻቸው ቅንጣቶች ግን ድንጋዩ ከጎረቤቶቹ በዕድሜ የሚያንስ መሆኑን ነገሯት። እኔ ጋ ስልክ ደወለች፤ ጎረቤት ብሆንም አጎቴ ነው የምትለኝ። "አጎቴ፣ ለእማዬ አሁን አትንገራት" አለችኝ። እኔም አልነገርኳትም።

እንዲህ ተስፋ ቆርጣ የቀሩትን ቅንጣቶች ስትለካ፣ ጥቂቶቹ ሁለት ዕድሜ እንዳላቸው አገኘች። ዙሪያቸው ወጣት ነው፤ እምብርታቸው ግን ከኮረብታው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይበልጣል።

ይህን ይዛ መጣች። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ሥዕሉን በስልኳ አሳየችን፤ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ነው። ላሾንግዌ ስልኩን ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠጋችው።

"መሃል ያለው ነው አሮጌው?"

"አዎ። ከዚህ ኮረብታ በፊት ሌላ መሬት ነበረ፣ እማዬ። እሱ ጥልቅ ቦታ ወርዶ ቀለጠና ይሄ ኮረብታ ከሱ ተሠራ። ድንጋዩ ሁሉ ሲቀልጥ ይቺ ብቻ ቆየች፤ ሲቀዘቅዝም አዲስ ልባስ አበቀለች። ያን አሮጌ መሬት ማንም ሰው አላየውም። ነበር የምንለው በእሷ ነው።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ከሦስት ቢሊዮን ተኩል ይበልጣል።"

ቁጥሩ ላሾንግዌን አልገረማትም፤ ለኔም ከብዛቱ የተነሳ አልገባኝም። እሷ ግን ሥዕሉን እያየች ቆየች።

"ያ የቀለጠውስ ከምን ተሠራ?"

"እሱን ገና አላወቅንም።"

"እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችና ስልኩን መለሰችላት። ቦንሲሌ እስክታነባ ድረስ ሳቀች።

አሁን ቦንሲሌ ዋና ከተማችን ምባባኔ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የላሾንግዌ አንጓዎች ስላበጡ መዶሻ መያዝ ትታለች፤ መንገዱ ዳር ጥብስ በቆሎ ትሸጣለች። ባለፈው ወር ልጅቷ ከወንዙ ማዶ ካለው ሸንተረር ድንጋይ ልትወስድ ስትመጣ፣ የማዶው ሸንጎ "ማን ይመሰክርልሻል?" ብሎ ጠየቃት። ላሾንግዌ በቆሎዋን ለላማዚያ አደራ ሰጥታ መኪናው ላይ ወጣች።