በእማዬ ሙዳይ ላይ ያለው ጠማማ ዙር

ልጅ እያለሁ በቤታችን የተወለደውና የሞተው የሚቆጠረው በአንድ ሙዳይ ላይ ነበር። ዛሬ ሙዳዩ ጭኔ ላይ ነው። እማዬ ካረፈች አርባ ቀን ሊሞላት ሦስት ቀን ቀርቷል። ክዳን የለውም። ገና እያደገ ነው ብላ ክዳን አልሰፋችለትም። ውስጡን ሳሸተው ግን ያው የድሮው የስንደዶ ሽታ ነው።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። የምትጽፈው በወስፌና በአለላ ነበር። ልጅ ሲወለድ ቀይ ዙር፣ ሰው ሲዳር አረንጓዴ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ቀለም ያልነካው ነጭ ስንደዶ ትሰፋለች። ስንደዶውን በየመስከረሙ አክስቴ ከጠዳ ትልክልናለች። ቀለም ያፈላች ሰሞን የእማዬ ጣቶች ቀይ ሆነው ይከርማሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ታስቀምጠኝና ሙዳዩን ታቀብለኛለች። «ከሥር ጀምር» ትለኛለች። ጣቴን ከታችኛው ዙር አስነስቼ የማን እንደሆነ እየጠራሁ ወደ ላይ እወጣለሁ። ከተሳሳትኩ እንደገና ከሥር። ዘሩን የማይቆጥር በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው ትል ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ውሻችንን መቻልን ማኪና ገጨው። ታላቅ እህቴ እታለም ያኔ ጠዳ አክስታችን ዘንድ ሆና ነበር የምትማረው። እኔ ብቻዬን አለቀስኩ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጠዋት ስንደዶ በውኃ ነክሬ፣ ወስፌዋን አንስቼ ለመቻል ነጭ ዙር ሰፋሁለት። ዙሩ አንድ ቦታ ወፈረ፣ አንድ ቦታ ቀጠነ። ጣቴንም ሁለቴ ወጋሁት።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ አዲሱን ነጭ ዙር አየች። ነጭ የሞት መሆኑን ስለምታውቅ ምንም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ድምፅዋን የሰሙ ሁለት ሴቶችም መጡ። እማዬ ስትመለስ ሦስት ሴቶች በራችን ላይ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ያለቅሳሉ። እኔ አልጋ ሥር ገብቻለሁ።

ጎትተው አወጡኝና ተናገርኩ። እትዬ ብርቄ ዓይኗን እየጠረገች፣ «አንተ ጉድ፣ በል እንባዬን መልስልኝ» አለች። እማዬ አልሳቀችም። ትተረትረዋለች ብዬ ስጠብቅ ዙሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«አልቅሰህለታል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«እንግዲያ የቤት ነው።» ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በላዩ ላይ ቀጠለችበት።

ትናንት እታለም የእማዬን ዙር ለአርባዋ እትዬ ብርቄ ትስፋላት አለች፤ እጇ ቀና ነው። እኔ እሰፋለሁ አልኩ። ታበላሸዋለህ አለችኝ። ክርክሩን ትተን ዘመድ ሳይመጣ ዙሮቹን እንቁጠር ተባባልን። ከሥር ጀመርን። ጠማማው ዙር ላይ ስንደርስ እታለም አማተበች።

«ለዚህ ወንድማችን እማዬ ስም እንኳ ሳታወጣለት ቀረች» አለች።

ደነገጥኩ። ለካ እኔ መቁጠሩን ከተውኩ በኋላ ከጠዳ ስትመለስ ያንን ዙር አይታ፣ እሷ በሌለችበት ሞቶ የተወለደ ሕፃን ነው ብላ ይዛው ኖራለች። የእማዬን ቁስል እንዳትነካ ጠይቃ አታውቅም። በየዓመቱ ግን ጧፍ ታበራለት ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ካልኩ ግን የእሷም የእኔም ልጆች ላልነበረ ሕፃን ሲያዝኑ ሊኖሩ ነው። የሚያውቅ ከእኔና ከእትዬ ብርቄ ሌላ አልቀረም።

«መቻል ነው» አልኳት።

«የቱ መቻል?»

«ውሻችን።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለውሻ ጧፍ አበራሁ?» አለችና ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።

እንባዋን ጠርጋ፣ ይተርተር፣ የሚመጣው ልጅ እንዳይሳሳት አለች። ስፌት ግን ከመሀሉ አይተረተርም። ያንን ዙር ለማውጣት በላዩ ያለውን ሁሉ መፍታት ነው፦ የአያታችንን ሞት፣ የእሷን ሰርግ፣ የልጇን ልደት፤ ሁሉም የእማዬ እጅ። እታለም አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያ ወስፌውን አነሳችና እጄ ላይ አደረገችው።

«በል አንተው ስፋላት» አለች። «የአንተን ስፌት እሷም አልተረተረችው።»

ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬ በተረፈው ወረቀት ላይም የእያንዳንዱን ዙር ባለቤት ጽፌአለሁ፤ መቻልንም ከነውሻነቱ። ያኔ የምቆጥረው እማዬ እንዳትቆጣኝ ነበር። ዛሬ ብሳሳት የሚያርመኝ የለም፤ ስለዚህ አልሳሳትም። ዙሩ ግን እንደያኔው ጠመመ።

የእታለም ልጅ አጠገቤ መጥታ በጣቷ ነካችው። ገና እርጥብ ነው። የማን ነው አለችኝ።

«ከሥር ጀምሪ» አልኳት።