ከውሃ ያልወጣችው ጀልባ

ልጅ እያለሁ አባቴ ያገኘውን እንጨት ሁሉ በጣቱ አንጓ ያንኳኳ ነበር። ፒያሳ የነበረው የቀበሌ ቤታችን በር፣ የጎረቤት ቁም ሳጥን፣ የምማርበት ዴስክ እንኳ አልቀረውም። «ጤነኛ እንጨት ይጮሃል፤ የበሰበሰ ግን ድምፁ ይታፈናል» ይለኝ ነበር። ሥራው ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ ለነበረ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ ውል ከመፈረሙ በፊት መኪናዎችንና ጀልባዎችን ይመረምር ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር፣ ዝዋይ ሐይቅ ድረስ ይዞኝ ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ተማሪው አስረዳኝ፤ ጀልባ የሚመረመረው ከውሃ ወጥቶ ነው፤ ሆዱን ሳያዩ መፈረም የለም። እኔም ፈተና ያለብኝ ይመስል ቃል በቃል ሸመደድኩት።

ስንደርስ ግን ጀልባዋ ውሃ ላይ ነበረች። አዲስ ሰማያዊ ቀለሟ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ባለቤቷ ጋሽ ደምሴ ሽበታም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ዓሣ አስጠብሰው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ጠበቁን። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጎተት አድርገናት ከሥር ባያት» አላቸው።

«ወይ የአራዳ ልጅ!» ብለው ሳቁ። «ትናንት ቄሱ ጸበል ረጭተው ያወረዷትን ዛሬ ጎትቼ ላውጣት? ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል? ይልቅ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብላ!»

ሰዉም ሳቀ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ጎኖቿን ከውስጥ አንኳኳ፣ ሞተሯን አየ፣ እጁን ታጥቦ በላ፣ ፈረመ።

ስንመለስ፣ «አባዬ፣ ሆዷን መቼ አየኸው?» አልኩት። ያጠናሁትን ማስታወሴ የሚያስደስተው መስሎኝ ነበር።

«ሽማግሌ በሰው ፊት አይዋረድም፣ ልጄ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጀልባዋ ሰጠመች። ተሳፋሪዎቹን ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጧቸው። የሚነዳት ወጣት ግን አልተረፈም፤ ያን ቀን የዓሣውን እሾህ እየለቀመ ያጎረሰኝ እሱ ነበር። ጀልባዋ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ስለቀረች፣ ማዕበል ይሁን የበሰበሰ ሳንቃ ማንም አላወቀም። አባቴንም ማንም አልወቀሰውም። ለቅሶ አብራው የሄደችው እናቴ እንደነገረችኝ፣ የሟቹ እናት ከተቀመጡበት ተነስተው፣ «ከአዲስ አበባ ድረስ መጣህልኝ? እግዜር ያክብርህ» ብለው አቀፉት። በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ።

ዛሬ አራት ኪሎ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፒያሳው ቤታችን ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ አባቴን በረንዳው ላይ፣ ብቻውን፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘዋለሁ። ያኔ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ይሉኝታ ተምሬአለሁ። ስለዚያ ጀልባ ነጂ ወጣት ያስብ እንደሆነ ልጠይቀው እልና፣ ሸብቷል፣ ለምን ላስከፋው ብዬ ስለ ፈተናዬ አወራለታለሁ። እሱም ይስቅልኛል። አክስቴ ደውላ «አባትሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» እላታለሁ። ምንም ሳልጠይቀው።