የፈርጥ በር

ሌላው ሰው ልጅነቱ ሲታወሰው አደይ አበባ ይሸተዋል፣ የእናቱ ቀሚስ ይሸተዋል፤ እኔን የሚሸተኝ የተለበለበ ፕላስቲክ ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ የፕላስቲክ ጭልፋ ምድጃ ላይ ረስታ ቤቱ በጢስ ሲታፈን፣ ሚስቴ መስኮት ልትከፍት ስትሮጥ፣ እኔ ሶፋው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አየሩን በአፍንጫዬ ስስብ አገኘችኝና «ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነበርኩ፤ በልቤ ወላይታ ሶዶ ነበርኩ። ራሴን በገዛ ሥልጣኔ ሽማግሌ ብዬ ከሾምኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፣ ፀጉሬም እሱን አይቶ ተከትሎታል፣ ከአስራ አንድ ዓመቱ ፈቅ ያላለው አፌ ብቻ ነው። ይኸው አፍ ነው ዛሬም የሚያወራችሁ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አባባ ግብርና ቢሮ ይሠራ ነበር፣ እማ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ነበረች፣ እኔ ደግሞ የሕፃናት ኳየር አባል ነበርኩ። አባል ነበርኩ ስል፣ ድምፄ ለመዝሙር ሳይሆን ከሩቅ ላም ለመጥራት የተፈጠረ ስለነበር፣ አስተማሪያችን ሁልጊዜ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ያቆመኝ ነበር። በሐምሌ አንድ እሑድ እጃችንን ወደ ላይ አንስተን ስንዘምር፣ ከሁሉም በላይ ላንሳ ብዬ ስንጠራራ አግዳሚው ከወዲያ ጫፍ ተነሣ፣ እኔ ከወዲህ ጫፍ ወረድኩ። ሰው ከዛፍ ወድቆ ይሰበራል፣ ከፈረስ ወድቆ ይሰበራል፤ እኔ ከመዝሙር ወድቄ ተሰበርኩ። ኦቶና ሆስፒታል ወስደውኝ እግሬን ከጣቴ ሥር እስከ ጭኔ በጀሶ አሰሩና መስቀል ካለፈ በኋላ አምጡት አሉ። እማም ጀሶው ዝናብ እንዳይነካው ብላ ከሳሎን ንቅንቅ እንዳልል ፈረደችብኝ።

የሶዶን ክረምት የማያውቅ ሰው ይህ ፍርድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይገባውም። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ቆርቆሮው ላይ ሲደበድብ ውሎ ማታ ትንፋሽ ይወስዳል፣ እንደገና ይቀጥላል። እኔ አንድ እግሬ በርጩማ ላይ ተዘርግቶ ከመስኮቱ አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ የሰፈር ልጆች ጭቃው ውስጥ የጨርቅ ኳስ እያንከባለሉ በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ «ዘማሪው፣ ና ውጣ እንጂ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። በጀሶው ውስጥ ደግሞ ማንም የማይደርስበት ቦታ ላይ ይበላኛል። የእህቴን ረጅም መርፌ ሰርቄ በጭኔ በኩል አስገብቼ እያከክሁ፣ ዓይኔ ከኳሱ አይነቀልም ነበር።

በዚያ ሳሎን የታሰርኩት ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ታላቅ እህቴ ታደለች፣ በቤት ስሟ ታደሉ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለመምህራን ማሰልጠኛ አልፋ ነበር፤ ምዝገባው ከመስቀል በኋላ ነበር። ሆኖም በግንቦት ከአረካ ሽማግሌዎች መጥተው፣ አባባ ወፍጮ ቤት ላላቸው ሰዎች ልጅ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ የአባባን ጫማ ሲያይ ነው የዋለው። ታደሉም አላገባም አላለችም። አንድ ዓመት ስጡኝ፣ ሠልጥኜ አስተማሪ ልሁንና ከዚያ ውሰዱኝ ነበር ያለችው። አባባ ለእማ አስተላለፈው፣ እማ ደግሞ የልጁ እናት በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሊጠይቁን ሲመጡ ይጠየቃሉ፣ እሳቸው ይወስናሉ አለች። እስከዚያው ለታጨች ልጅ ገበያ ለገበያ መዞር አያምርም ተብሎ፣ ታደሉ ያለ ጀሶ ከእኔ ጎን ተቀመጠች።

አማት ስትመጣ የልጅቱ የእጅ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ይደረደር ነበር። ሌሎች ልጃገረዶች ዳንቴል ይሠሩ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ሌላ ነገር ነበር። ኦቶና የምትሠራ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለሴቶች ኅብረቱ አንድ ካርቶን ትታ ሄዳ ነበር፤ ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ እንደ ደብተር ልባስ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ሉህ፣ ወፋፍራም የሱፍ ክርና በቀጫጭን ቱቦ የታሸገ የሚያብለጨልጭ ሙጫ ነበረበት። ፕላስቲኩ በመቀስ ይቆረጣል፣ በየቀዳዳው ክር እየተሻገረ ይሞላል፣ ጠርዝ ከጠርዝ ይሰፋና ሳጥን ወይም ቤት ይሆናል፤ ከዚያ በሙጫው ይሰመርበትና ፈርጥ ይለጠፍበታል። ፈርጡን የምንገዛው ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነበር። ወላጆቻቸው ከስልጤ የመጡ፣ ከእኛ በተሻለ ወላይትኛ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ፤ ያንን መሐሉ የተበሳ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያበራ ነገር በቡና ሲኒ እየሰፈሩ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ራሳቸው ቤታችን ድረስ ይዘው መጥተው እኔን ከነጀሶዬ ሲያዩ ሙሽራዋ የትኛዋ ናት ብለው ጠየቁ። እማ እስክታነባ ሳቀች። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው።

እንዲህ ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ፈርጥ ለጣፊው እኔ ነበርኩ። የክብሪት እንጨት ጫፍ በምራቄ አርስሼ ፈርጧን ከሲኒው አነሣና ሙጫው ላይ አስቀምጣት ነበር፤ ታደሉ በምራቅህ ቤቴን አታጥምቅ ትለኝ ነበር። መጀመሪያ የተናቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ወንድ ልጅ ከሴቶች ጋር ተቀምጦ ፈርጥ ይለቅማል ሲሉ ልጆቹ እንዳይሰሙ መጋረጃውን እጋርድ ነበር። ከዚያ ግን ውስጤ ገባ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር እለጥፍ ጀመር። ችግሩ በዚያ እርጥበት ሙጫው አለመድረቁ ነበር። ማታ ያስተካከልነው የፈርጥ መስመር ጠዋት ሲታይ፣ እያንዳንዱ ፈርጥ ተንሸራቶ ከታችኛው ላይ ተደርቦ፣ ግድግዳው ያለቀሰ ይመስል ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ታደሉ ጎጆዋን ጀመረች። ነርሷ የተወችው ንድፍ ጭስ ማውጫ ያለው የፈረንጅ ቤት ነበር፤ እሷ ግን ያንን ትታ ሉሁን አጥፋ ክብ አደረገችው፣ ከላይ ጫፉ የሾለ ጣራ ሰፋችለት፣ የኛን አገር ጎጆ ቤት አወጣችው። ውስጧ የሶፍት ጥቅል ይቀመጣል፣ ሶፍቱም በጣራዋ ጫፍ ይሳባል። ታደሉ ሥራ ማበላሸት አታውቅበትም ነበር። ክሩን ስትጎትት ከንፈሯን ነክሳ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ከዘለለች ሙሉውን ረድፍ ትፈታለች። እማም ጎጆዋን ባየች ቁጥር እያደነቀች፣ ይህን እጅ ያዩ አማት አንድ ዓመት ቢለመኑ እንዴት እንቢ ይላሉ ትል ነበር። ታደሉ መርፌዋን ታሳልፋለች። በመስኮቱ በኩል ለማሰልጠኛው ምዝገባ የሚሄዱ ጓደኞቿ ልብሳቸውን ሊያሰፉ ሲያልፉ ታያቸው ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ ግን ያልሰማ ይመስል ቀጠለ። የጊፋታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እማ ጎጆዋን ከጠረጴዛው አንስታ ዙሪያዋን አየች፣ እንደገና ዙሪያዋን አየች።

«በሯስ?»

ታደሉ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ረሳሁት» አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ እኔም እዚያው ተቀምጬ አላየሁም ነበር፤ ዓይኔ ፈርጥ ላይ ነበራ። አሁን በር ለማውጣት ቢቆረጥ የተሰፋው ሁሉ ይፈታል። እማ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ያን ጊዜ እኔ፣ የቤቱ ታላቅ ባለሙያ፣ በር በሙጫና በፈርጥ እሠራላታለሁ አልኩ። እውነት ለመናገር ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያ የተዋጣልኝ ሥራ የለም፤ በአረንጓዴ ሙጫ መቃኑን አሰመርኩ፣ በወርቅማ ፈርጥ ሞላሁት፣ ለመዝጊያው ቀይ ፈርጥ አደረግሁ። በር ነው፣ ይበራል፣ ግን አይከፈትም።

ሙጫው ርጥብ ነበርና እስከ ነገ እንዲደርቅ እማ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው በላይ በቆሎ ከሚደርቅበት ቆጥ ላይ እንድናስቀምጣት አዘዘችና ቅቤ ልትበደር ጎረቤት ሄደች። እኔንም በሩን ልጠብቅ ብዬ ስላስቸገርኩ አባባ ተሸክሞ ከምድጃው ራቅ አድርጎ አስቀመጠኝና ወጣ፤ ታደሉ ከእሳቱ አጠገብ ነበረች። ለበዓሉ ምግብ ለሙቹዋ የሚሆነው ቆጮ ስለሚበስል እሳቱ ከሌላው ቀን በላይ ይነድ ነበር። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀና ስል የጎጆዋ ወገብ ቀስ እያለ ሲታጠፍ፣ ጣራዋ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አየሁ። ልነሣ ስል ጀሶው እንደ ግንድ ያዘኝ።

«ታደሉ፣ ቀለጠች» አልኳት።

«አያለሁ።»

እጇን ብትዘረጋ ትደርስባት ነበር። እጇ ጭኗ ላይ ነበር።

«አንሺያት እንጂ! የኔን በር እኮ...»

«ካማረች ቶሎ ይወስዱኛል» አለችኝ፣ ውሃ አቀብለኝ የምትል ያህል ረጋ ብላ። «ከተጣመመች ግን ምናልባት፣ ይቺ ልጅ ገና ናት፣ ትቆይ ይሉ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስትታጠፍ አየናት። እሷ በፈቃዷ ተቀምጣ፣ እኔ በጀሶ። ልትወድቅ ስትል አነሣቻት፤ እማ ተመልሳ ስታይ ግን የመጣላት ቃል ሁሉ ለበዓል የማይሆን ስለነበር ዋጠችው።

በማግስቱ ከውጭ «ዮ ዮ ጊፋታ» ይሰማል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጭፈራውን ባትወደውም ሙቹዋውን የጠላ ምእመን ግን አላየሁም። የአረካዋ እማማ፣ የልጁ እናት፣ መጡ። አጭር፣ ወፍራም፣ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ያመሳቀሉ፣ ሲቀመጡ ወንበሩን የሚያስጨንቁ ሴት ነበሩ። እማ ጎጆዋን ከዳንቴል ሥር ደብቃት ነበር፤ ታደሉ ግን ራሷ አውጥታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እፊታቸው አስቀመጠቻት። አባባ ጣራ ጣራውን አየ። እማማ ጎጆዋን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሯት፣ የታጠፈ ወገቧን አዩ፣ ያዘነበለ ጣራዋን አዩ፤ ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«የኛ ቤት እኮ ናት!» አሉ በወላይትኛ። «በወፍጮው በኩል እንዲህ ነው ያዘመመችው። ይቺ ልጅ ቤቷን ሳታያት አወቀቻት።»

የታደሉ ፊት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ የማየው ሌላ ነበር፤ በሬን። እማማ በጣታቸው ፈርጡን ገፋ አደረጉት።

«በሩ አይከፈትም እንዴ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ፣ የጠየቀኝ ሳይኖር።

«ግድ የለም» አሉ እኔን ሳይሆን ታደሉን እያዩ። «ከገባች በኋላ መክፈቻ ታወጣለታለች።»

እማ የአንድ ዓመቱን ነገር ቀስ ብላ አነሣች። እማማ አዳመጡ፤ ቤታቸው ሰው አጥቶ እንደቆየ፣ ጉልበታቸውም እንደከዳቸው ነግረው ለሠርጉ ጥር ጥሩ ነው አሉ። ሲሄዱ ጎጆዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወሰዷት።

ከመስቀል በኋላ ጀሶዬ ተቀደደ። ከውስጡ የወጣው እግር የእኔ አይመስልም ነበር፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ የበላ የጠገበ ሰው እግር አልነበረም። ከኦቶና እንደተመለስን እያነከስኩ በቀጥታ ወደ ኳሱ ወጣሁ፤ ፀሐይ ወጥቶ ጭቃው መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። አንዴ ዞር ስል ታደሉ እኔ እቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ሆና በመስኮቱ ታየኛለች፣ መርፌና ክሯን ይዛ። እጄን አወዛወዝኩላትና ኳሷን ተከትዬ ሄድኩ። የማሰልጠኛው ምዝገባ በዚያው ሳምንት ነበር። በጥር በነጭ ሚኒባስ ወደ አረካ ወሰዷት፤ እኔም በሠርጉ ላይ እንዳልዘምር ተለምኜ ዝም ብዬ በላሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝ ለመታየት ሶዶ ሄጄ፣ ከዚያ አረካ ታደሉ ዘንድ ሰነበትኩ። ያዘመመው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። አማቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ጎጆዋ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ እንደታጠፈች አለች፤ ፈርጧ ግማሹ ረግፏል። አንስቼ በጣቴ ስነካት ያ የእኔ በር ተከፈተ። በመቃኑ፣ እኔ ባሰመርኩት መስመር ላይ፣ በሦስት ጎን ተቆርጦ በአራተኛው በክር ተይዟል። ውስጡ የጠመኔ ስብርባሪ ሞልቶበታል።

«መቼ ነው የቆረጥሽው?» አልኳት።

«ሁለተኛ ልጄን ጡት አስጥዬ የማታ ትምህርት የተመዘገብኩ ቀን። እማማ ናቸው መቀሱን ያቀበሉኝ። ይኸው ገባሽ አይደል፣ አውጪለት አሉኝ።»

ይህን ስትል ቦርሳዋን ያዘች፣ ዣንጥላዋን አነሣች፤ የምታስተምራቸው ሦስተኛ ክፍሎች ይጠብቋታል። ልሸኝሽ ብዬ ስነሣ ጉልበቴ ቋ አለ፤ እግርህን በርጩማው ላይ ዘርግተህ ቁጭ በል፣ እስክመለስ እንዳትንቀሳቀስ አለችኝ። የድሮው ፍርድ እንደገና ተፈረደብኝ። በመስኮቱ ሳያት ጭቃውን እየመረጠች አጥሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ከዚያም መንገዷን ሄደች። እኔ ጎጆዋን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ያቺን ትንሽ በር እየከፈትኩ እየዘጋሁ ጠበቅኋት።