ፊት የሌላቸው ደንበኞቼ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የማውቀው በፎቶ ፖስታ ጀርባ ላይ የደንበኛ ስም መጻፍ ነው፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን በቅርቡ አዳማ ውስጥ ፎቶ ቤት የተቀጠሩ ልጆች ‘ቅርጻ ቅርጽ እንዴት ነው የሚነሳው?’ እያሉ ይጠይቁኛል። በአፌ ስነግራቸው ስለማፍር ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩ ቀን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ከበደ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ አስያዙኝ። አንድ ትልቅ ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ‘አገጭዎን ቀና ያድርጉ በያቸው’ አሉኝ ጋሽ ከበደ። አፌ ተሳሰረ። ሰውየው እንዳቀረቀሩ ተነሱ፤ ፎቶው ሲወጣ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ።

‘ልጄ፣ ደንበኛ አይናከስም’ አሉኝ።

ሦስት ዓመት ሠርቼም ለሰው ‘ፈገግ በሉ’ ማለት አልሆነልኝም። አንድ ሙሽራ ሚዜውን ‘ይቺ ልጅ የመጣችው ለሠርግ ነው ለለቅሶ?’ ሲለው ሰምቻለሁ።

አንድ ሰኞ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሰው መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከባድ መኪና በያጅ ነበሩ። አሁን ከአሮጌ የመኪና ዕቃ፣ ከባሌስትራ፣ ከማርሚታና ከላሜራ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራሉ። ዘጠኝ ሥራዎቻቸው የቆሙት በተከራዩት ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ ደግሞ ቦታው ላይ ቤት ሊሠሩበት ፈልገዋል። ‘እስከ እሑድ ካላነሱት ቁራሌ እጠራለሁ’ ብለዋቸዋል። ቁራሌ ከጠሩ ሁሉም ተቆራርጦ ማቅለጫ ይገባል ማለት ነው።

ቆቃ ሐይቅ ዳር ሎጅ የሚከፍት አንድ ሰው ‘ፎቶውን እስከ ዓርብ ላኩልኝና ከወደድኩት እወስዳለሁ’ ብሏቸዋል።

ጋሽ ከበደ የምረቃ ፎቶ በዝቶባቸው ነበር። ‘ሰው የለበትም፤ አንቺው ሂጂ’ አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ትልቁ የእኔን ቁመት እጥፍ ይሆናል። ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ዓይን የለውም፣ እጅ የለውም። አፍሬ አፍሬ በመጨረሻ ‘ፊቱ በየት በኩል ነው?’ ብዬ ጠየቅኩ።

‘እኔም አላውቅም። ስታገኚው ንገሪኝ’ አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

ፊት ስላጣሁ እንደ ጉርድ ፎቶ አደረግኩት። ከኋላ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ፣ ካሜራውን ስታንድ ላይ አስሬ፣ ፊት ለፊት በፍላሽ አነሳሁ። ዘጠኙንም በአንድ ሰዓት ጨረስኩ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከየት ይገኛል? አይን አይጨፍን፣ ‘አላማርኩም’ አይል። እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

እኛ ፎቶ ቤት ፎቶ ሳይጸዳ አይወጣም። ብጉር ይጠፋል፣ ጠባሳ ይለሰልሳል። ረቡዕ ሙሉ ቀን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ዝገቱን አንድ በአንድ አጠፋሁ። የብየዳውን መስመርም አለሰለስኩ። ጋሽ ከበደ በትከሻዬ በኩል አይተው ‘እንደ ሙሽራ አደረግሻቸው’ አሉ። ኩራቴ አይወራም።

ማምሻውን ለጋሽ ቶሎሳ ወስጄ አሳየኋቸው። ፎቶዎቹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

‘ዝገቱስ?’

‘አጠፋሁት።’

‘ብየዳውስ?’

‘እሱንም።’

ተለዋጭ ጎማ ላይ ቁጭ አሉና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ‘ኢንተላ ኮ፣ የፕላስቲክ ባልዲ አደረግሻቸው እኮ።’ ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲስቁ ቆይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ የቀረን አንድ ቀን ነው።

እጄን ይዘው ትልቁ ሥራ ላይ፣ የብየዳው መስመር ላይ አስቀመጡት። ሻካራ ነው። ‘ይሄ ብረቱ እምቢ ያለኝ ቦታ ነው። ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀብኝ። ሰው ይሄን ካላየ ምን አየ? ምን ይመስላል ብለሽ አትጨነቂ። መጀመሪያ ዙሪው።’

ዞርኩት። አንዱ ጎን ከባድ ነው፣ ሌላው ጎን ሊበር የተነሳ ይመስላል። ‘ጋሽ ቶሎሳ፣ ነገ ፀሐይ ስትወጣ እመጣለሁ’ አልኩ። ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ መናገሬ ለራሴ ገረመኝ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ፍላሹን ትቼ ሄድኩ። በነጩ አንሶላ ፋንታ ግራጫ ብርድ ልብስ ገመድ ላይ ሰቀልን። የአዳማ ነፋስ ግን ብርድ ልብሱን ነቅሎ ይዞት ሄደ። የያዙት ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው፤ ሊቆጡን ሲወጡ ፊታቸው ላይ ተለጠፈባቸው።

‘ለዝገት ነው በዚህ ሰዓት የምትንጫጩት?’ አሉ ከውስጡ።

ያኔ ፀሐይዋ ከጎን መጣች። የብየዳው መስመር ሁሉ ብቅ አለ፤ ዝገቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀላ። ሳቅ ሳቅ አለኝ። አቧራው ላይ በሆዴ ተኛሁና ‘ይዘውት እዚያው ይቁሙ። ወደ ግራ። ዝቅ ያድርጉት። አይነቃነቁ’ አልኩ። የማዘው ወይዘሮ እልፍነሽን መሆኑ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። 

‘እሺ፣ አለቃዬ’ አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። ብርድ ልብሱን ዝቅ አደረጉት።

የእያንዳንዱ ሥራ ሰዓት የተለያየ ነው። አንዱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያምራል፣ ሌላው እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ያስጠብቃል። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው እሮጣለሁ፣ ብርድ ልብሱ ከኋላዬ ይሮጣል። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደረደረ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ‘ይሄማ ባጃጅ ስትገለበጥ ነው’ አለ። ‘አንተ ደመናም ብታይ ባጃጅ ነው የምትለው’ አለችው ሽንኩርት ሻጯ።

ሁለት ባሌስትራዎች እርስ በርስ የተደገፉበትን ሥራ ሳነሳ ወይዘሮ እልፍነሽ ካሜራዬ ላይ አጎነበሱ።

‘ይሄ የት ነው?’

‘እዚሁ። እርስዎ የእጣቢ ውሃ የሚደፉበት በኩል።’

ብርድ ልብሱን ለጋሽ ቶሎሳ አስያዙና ዙሪያውን ሄዱ። ደግመው ዞሩ። ‘የታመመ ሰው ደግፎ የሚያነሳ ሰው ነው’ አሉ ቀስ ብለው።

‘እንደዚያ ብዬ አልሠራሁትም’ አሉ ጋሽ ቶሎሳ። ‘እርስዎ ካሉ በኋላ ግን ሌላ አልታይ አለኝ።’

ዓርብ ጠዋት ምንም ሳላጸዳ በቴሌግራም ላክን። ጋሽ ቶሎሳ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እንደ ድስት ይጠብቁት ጀመር። የሎጁ ሰው የመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ‘ዘጠኙንም እሑድ በመኪና እወስዳለሁ’ ይላል። ጋሽ ቶሎሳ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው አብረን አነበብነው።

እሑድ መኪናው መጣ። ስምንቱ ተጫኑ። ዘጠነኛው፣ ሁለቱ ባሌስትራዎች የተደጋገፉበት ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ እልፍነሽ ፊቱ ቆሙ። ‘ይቺ አትሄድም’ አሉ።

‘ቤቱስ?’ አሏቸው ጋሽ ቶሎሳ።

‘ቤቱ ትንሽ ጠጋ ይላል።’

የሎጁ ሰው ሳቀና በስምንቱ ተስማማ። አሁን እስከ ባቱና ሻሸመኔ ድረስ ቅርጻ ቅርጽ ለማንሳት እየተጠራሁ እሄዳለሁ። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ካሜራ ከማውጣትሽ በፊት ዙሪው። ብርሃኑን ከጎን ጠብቂው። ሠሪው የተወውን ምልክት አትንኪ።

የዚያን ቀን መኪናው ከወጣ በኋላ ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላቸውን ቀይረው መጡና ከቀረችው አጠገብ ቆሙ። አነሳኋቸው። ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል በር ድረስ ሸኙኝና ጋሽ ቶሎሳ እንዳይሰሙ ጠጋ ብለው ‘የእሷን ዝገት እንዳትነኪ። የእኔን ፊት ግን አደራ አጽጂልኝ’ አሉኝ።