ለጎረቤቴ የነገርኳት ፍጻሜ

እናቴ በወባ ስትንቀጠቀጥ ብርድ ልብሷን የገፈፈቻት ጎረቤታችን ናት። ረሃቡ ከጎንደር በእግራችን አሰድዶን ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ከገባን ገና መንፈቅ አልሞላንም ነበር። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን በክንዷ ይዛ ከጎጇችን ስትወጣ ተገጣጠምን።

«ኸላስ፣ አበቃላት፤ ለምትሞት ሴት ብርድ ልብስ ምን ያደርግላታል? እኔ ልጆች አሉኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

የምታገልበት ጉልበት አልነበረኝምና ለቀቅኳት። ቂሙን ግን አልለቀቅኩም።

እናቴ አልሞተችም። ቀና ብላ መቀመጥ ስትጀምር፣ አንድ ስደተኛ አስተማሪ ትቶልን የሄደውን ሽፋን የሌለው ልቦለድ አነብላት ጀመር። የጥንት ጎንደር የፍቅር ታሪክ ነው። ምላሷ የማይቻል የመኳንንት ልጅ፣ ሊያገባት የመጣውን ኩሩ ደጃዝማች «መጀመሪያ በቅሎዬ ትውደድህ» ብላ ባልደራስ ታደርገዋለች። ሰውየው ካባውን አውልቆ በቅሎ ሲለማመጥ፣ በቅሎዋም በእርግጫ ስትለው፣ እናቴ በሳቅ ጎኗን ትይዛለች። ከረሃቡ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። መጽሐፉን እንደ ነፍሴ ወደድኩት።

አንድ ቀትር ላይ ከሣር ግድግዳው ወዲያ ሌላ ሳቅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ናት። ደሜ ፈላ። ከዚያ ወዲያ ጣፋጩ ቦታ ላይ ስደርስ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ ማንሾካሾክ ያዝኩ። ሴትዮዋ ለመስማት ስትለጠፍ ሣሩ ይንኮሻኮሻል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ትስማ» ትለኛለች እናቴ።

«እርር ድብን ትበል!»

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀረን ሴትዮዋ ለጥጥ ለቀማ ወደ ፋው የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ሎሪው ቆሞ እየጠበቃት፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ይዛ መጣች።

«እንቺ። ልጅቱ አገባችው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ወላሂ፣ መንገድ ላይ ሳስበው ልሞት ነው።»

እኔ ለብቻዬ አስቀድሜ ጨርሼው ነበር። ደጃዝማቹ በቅሎዋን እየሳበ ነው ወደ ሠርጉ የሚገባው። ብርድ ልብሱን ተቀበልኳት።

«ሞተች» አልኳት። «ታማ ተኝታ ሳለ አንዲት ጎረቤቷ ብርድ ልብሷን ገፈፈቻት።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ሎሪው ላይ ወጣች፤ ዞራም አላየችኝ። ዛሬ ብትመጣም እውነተኛውን አልነግራትም።

እናቴ ከውስጥ ሰምታ ደንግጣለች።

«እውነት ሞተች?»

«እንዳንቺው ናት፤ አልሞተችም» አልኳትና ብርድ ልብሱን አለበስኳት። ከዚያ ሠርጉን ጮክ ብዬ አነበብኩላት።